ብዙነሽ ነቅታ ነው የምትሄደው

ታፈሰ ልጁን በአካል ያያት ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ተኝታ ነበር።

መጀመሪያ የአራት ወር ሕፃን ሳለች፣ ቀጥሎ ዘጠነኛ ወሯን ስትይዝ እናቷ ስንዱ ወደ ሰመራ ይዛት ወርዳ ነበር። እንደ ማንኛውም ሕፃን በእንቅልፍ ቅርጫት ውስጥ ተኝታ ሄደች፣ እንደ ማንኛውም ሕፃን ተኝታ ደረሰች። የቅርጫቱ እንቅልፍ ደግሞ ቶሎ አይለቅም። ሕፃኑ ከባቡር ከወረደ በኋላ ቀኑን ሙሉ እንደ ፈዘዘ ይውላል፤ ማምሻውን ዓይኑን ገለጥ ቢያደርግም የሚያየው ነገር ያለ አይመስልም። የታፈሰ ፈቃድ ከረፋድ እስከ ማታ ብቻ ነው። ታፈሰ በሚሠራበት፣ የፀሐይ ኃይል በሚሰበስበው የመስታወት እርሻ ያለ ሰው ሙቀቱን አንዴ ከለመደ ውሉ እስኪያልቅ ወደ ደጋ አይወጣም፤ ከወጣ ሰውነቱ የለመደውን ይረሳል ይላሉ ሐኪሞቹ። ስለዚህ ቤተሰብ ነው ወደ እሱ የሚወርደው፤ እሱም ቢሆን በዓመት ከሁለት ጊዜ አይበልጥም። ታፈሰ ሁለቱንም ጊዜ ልጁን ጭኑ ላይ አስተኝቶ ሽፋሽፍቷን ሲያይ ውሎ ወደ መስታወቶቹ ተመለሰ።

ባለፈው ሲለያዩ፣ «እንግዲህ እኔ የተኛች ልጅ አባት ነኝ» አላት። ሊቀልድ ፈልጎ ነው። ስንዱ ግን ሳቋ አልመጣም። ባቡሩ ላይ ሆና አሰበችበት፣ ቤቷ ገብታም አሰበችበት፣ በመጨረሻ ቆረጠች። በሚቀጥለው ጉዞ ብዙነሽ ነቅታ ትሄዳለች።

በጉዞው ዕለት ጎሕ ሲቀድ ጣቢያ ደረሰች። የሕፃናት መስኮት ላይ የተቀመጠችው ሠራተኛ ብዙነሽን እንዳየች ከኋላዋ ካለው መደርደሪያ አንድ ቅርጫት አውርዳ ክዳኑን ከፈተች።

«እዚህ ውስጥ አስተኚያት።»

«አይ፣ ነቅታ ነው የምትሄደው» አለች ስንዱ።

«እ?»

«ነቅታ።»

«ሐኪም ነው ያዘዘው?»

«ማንም አላዘዘም። አባቷ እንዲያያት ነው።»

ሠራተኛዋ ልጅቷን አየች፣ ቅርጫቱን አየች፤ ግራ ገብቷታል። «ሲተኙ እኮ ነው የሚያምሩት» አለች በመጨረሻ፣ ምክር መስጠቷ ነበር።

ሕፃን ነቅቶ እንዳይጓዝ የሚከለክል ሕግ የለም። አውጡልን ብሎ የጠየቀም የለም፤ ሰው ራሱ ነው ቀስ በቀስ የተወው። አዲስ አበባ ውስጥ የልጅ ድምፅ ብርቅ ከሆነ ሰነባብቷል። ስንዱ የምትኖርበት ሕንፃ ሰማይ የሚነካ ሆኖ በውስጡ ያለው ሕፃን ብዙነሽ ብቻ ናት። ነዋሪዎቹ የጸጥታ ውል አላቸው፤ ስንዱም ፈርማለች። የብዙነሽ መጫወቻዎች በሙሉ ድምፅ አልባ ናቸው፣ ከበሮዋ እንኳ ከስፖንጅ የተሠራ ነው። ልጅቷ ትደበድበዋለች፣ ምንም አይልም፣ እሷም ምንም እንዳይል ለምዳዋለች። ከስንዱ በቀር ነቅታ ሳለች ያቀፋት ሰው ቢኖር የክትባት ነርሷ ናት፤ እሷም በጓንት።

በባቡሩ የሦስተኛው ፉርጎ አስተናጋጅ ወይዘሮ ፌቨን የሚባሉ የሃምሳ ዓመት ሴት ነበሩ። ፀጉራቸውን ወደ ኋላ ለጥጠው አስረዋል፤ የሥራ ፈገግታቸው እንደ ደንብ ልብሳቸው የተተኮሰ ነው። ስንዱን ወደ መቀመጫዋ አድርሰው ደንቡን ነገሯት።

«ከበሩ በላይ ያለችውን መብራት ያዩዋታል፣ እመቤት? አረንጓዴ ስትሆን ሰላም ነው። ድምፅ ከበዛ ቢጫ ትሆናለች፣ ካልቆመ ቀይ። ቀይ ከሆነች ተሳፋሪዎች ይጠየቃሉ።»

«ምን ተብለው?»

«ይቆይ ወይስ ይተኛ ተብለው። በየመቀመጫው ክንድ ላይ ሁለት ቁልፎች አሉ። ውሳኔው የእነሱ ነው፣ የእኔ አይደለም» አሉና ፈገግታቸውን አስተካክለው ሄዱ።

ፉርጎው ውስጥ ሃያ ያህል ሰው አለ። ስንዱ ልጅቷን ጭኗ ላይ አድርጋ በነጠላዋ ሸፈነቻት፣ ከዚያ ማንንም ላለማየት ወደ መስኮቱ ዞረች። ተሳፋሪዎቹም እሷን ላለማየት ወዲያ ወዲያ ይሉ ነበር። ከመተላለፊያው ማዶ ያሉ አንድ አሮጊት ዓይናቸውን ወደ ነጠላው ወርወር አደረጉና ቶሎ መለሱት። ስማቸው እንደ እኩዮቻቸው ሁሉ ሶሊያና ነው፤ በእሳቸው ዘመን ከሦስት ሴት ልጅ አንዷ ሶሊያና ወይም ኤልዳና ትባል ነበር። ከስንዱ ፊት ለፊት አቶ ናሆም የሚባሉ ጡረተኛ ተቀምጠዋል፤ ብዙነሽ እግሯን ባወራጨች ቁጥር ዓይናቸውን ጭፍን ያደርጋሉ። ስንዱ ይህን ሁሉ አየች። ተማረውብኛል አለች በልቧ፤ ገና አዳማ ሳንደርስ ተማረውብኛል።

ስለዚህ እስከ አዋሽ ድረስ የምትችለውን ሁሉ አደረገች። ብስኩት አጎረሰቻት፣ ጡቷን ሰጠቻት፣ ጣቶቿን እየቆጠረች በጆሮዋ አንሾካሾከችላት። ብዙነሽ በነጠላው ቀዳዳ ዓለምን እያየች ዝም አለች። ስንዱ ማመን አቃታት። እንዲህ ከሆነማ እንደርሳለን፣ ታፈሰ ዛሬ ዓይኗን ያያል ብላ ተስፋ ማድረግ ጀመረች።

ከአዋሽ ድልድይ በኋላ ግን የልጅቷ ጥርስ ተነሳባት። ፊት ለፊት ሁለቱ ወጥተዋል፤ ከጎን የሚመጣው ነው የሚያሠቃያት። መጀመሪያ አጉረመረመች፣ ቀጥሎ ጉንጯ ቀላ፣ ከዚያ አፏን ከፍታ እሪ አለች።

እንዲህ ያለ ድምፅ ፉርጎው ውስጥ ተሰምቶ አያውቅም። የተቀመጠው ሰው በሙሉ ባለበት ደረቀ። መብራቷ ቢጫ ሆነች። ስንዱ ተነሥታ ወዘወዘቻት፣ ተቀምጣ ወዘወዘቻት፣ «እሺ የኔ እናት፣ እሺ፣ እሺ» አለች። መብራቷ ቀይ ሆነች። በየመቀመጫው ክንድ ላይ ሁለቱ ቁልፎች ብልጭ ብልጭ አሉ፤ አንዱ ላይ «ይቆይ»፣ ሌላው ላይ «ይተኛ» ተጽፎባቸዋል። የወላጅ መቀመጫ ቁልፍ የለውም።

ስንዱ ዙሪያዋን አየች። አቶ ናሆም ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እማማ ሶሊያና የእጅ ቦርሳቸውን መክፈቻ ይነካካሉ። ከኋላ ያለው ረጅም የአፋር ሰው ጣሪያውን ያያል። ቁልፎቹ ጠፉ፣ ከጣሪያው ለስላሳ የሴት ድምፅ ተሰማ፤ «የፉርጎው ተሳፋሪዎች ስምምነት ተመዝግቧል። ሕፃኑ ይተኛል። ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን።»

ስንዱ ልጅቷን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘቻት። ሃያ ሰው! አንድ እንኳ? ክፉ ሰዎች ቢመስሏት ይቀላት ነበር፤ ግን አይመስሉም፣ እናቷንና አጎቷን የሚመስሉ ሰዎች ናቸው። ተናደደችም፣ አፈረችም።

ወይዘሮ ፌቨን ቅርጫቱን በጋሪ እየገፉ መጡ። ክዳኑ ተዘግቷል፤ ከውስጡ የሚያስተኛው ጭጋግ ሲሞላ ሽሽ የሚል ድምፅ ይሰማል።

«አዝናለሁ፣ እመቤት። ሲሞላ ደወል ያሰማል፣ ያኔ ያስተኙልኛል።»

«እባክዎ! ሁለት ሰዓት አይቀረንም እኮ። አባቷ ነቅታ በአካል አይቷት አያውቅም። ዛሬ ካላያት ደግሞ እስከ ስድስት ወር የለም።» ስንዱ ይህን ስትናገር ማልቀስ አልፈለገችም፤ አለቀሰች።

«ይገባኛል። ግን የወሰኑት ተሳፋሪዎቹ ናቸው፤ እኔ ምን ላድርግ?»

«ማነው የወሰነው?» የሚል ድምፅ ከመተላለፊያው ማዶ መጣ። እማማ ሶሊያና ናቸው። «እኔ ምንም አልነካሁም።»

«እኔም አልነካሁም» አሉ አቶ ናሆም፣ ዓይናቸውን ገልጠው።

ወይዘሮ ፌቨን ዘወር አሉ። «ያልነካ ሰው ይተኛ እንዳለ ነው የሚቆጠረው። እንቅልፍ ወስዶት ይሆናል ተብሎ ነው፤ እንቅልፍ የወሰደው ሰው ጸጥታ ይፈልጋላ።»

«እኔ የት ተኛሁ? ዓይኔን ጨፍኜ ነው እንጂ!»

«ለምን ጨፈኑ ታዲያ?»

«እንዳታፍር ብዬ ነዋ!» አሉ አቶ ናሆም ወደ ስንዱ እያመለከቱ። «ልጅ ይዛ ተጨንቃ፣ እኔ ደሞ ዓይኔን ተክዬ ልያት?»

ፉርጎው ውስጥ ጉርምርምታ ተነሳ። አንዷ፣ በሰው ልጅ ጉዳይ አስተያየት መስጠት ነውር መስሎኝ ነው አለች። ሌላው፣ ሌሎቹ ይጫኑታል ብዬ ነው አለ። ረጅሙ የአፋር ሰው ሁመድ ይባላል፤ እሱ ደግሞ ቁልፉን ልጫን ስል ጎረቤቴ ሳይጫን እኔ ብቀድም ምን ይለኛል ብዬ ተውኩት አለ። ጎረቤቱ፣ እኔም አንተን ስጠብቅ ነው አለው። ቁልፉን የሠራው ድርጅት ሰውን ሁሉ ጠይቄ የሰውን ሁሉ ሐሳብ አገኛለሁ ብሎ ሳይሆን አይቀርም፤ ይሉኝታ የሚባለውን ነገር አላሰበበትም። ሃያ ሰው ለአንዲት እናት ተሳቆ፣ ተሳቆ፣ ልጇን ሊያስተኛባት ነው።

«እሺ አሁን እንጫን» አሉ እማማ ሶሊያና ቁልፋቸውን በጣታቸው እየቆረቆሩ። ቁልፉ አልበራም።

«አንዴ ተዘግቷል» አሉ ወይዘሮ ፌቨን። «የሚሰረዘው ቅርጫቱ ሳይሞላ መብራቷ አረንጓዴ ከሆነች ብቻ ነው። ማለትም ዝም ካለች።»

ብዙነሽ ዝም የማለት ሐሳብ አልነበራትም። ይልቁንም ብሶባታል። ቅርጫቱ ሽሽ ይላል።

«አምጫት እስቲ» አሉ እማማ ሶሊያና እጃቸውን ዘርግተው።

ስንዱ ምን እንደሚሉ ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ፈጀባት። ልጇን ነቅታ ሳለች ከእሷና ከነርሷ ውጭ ሰው አቅፏት አያውቅም፤ እንዲህ ያለ ነገር የሚጠይቅ ሰውም አጋጥሟት አያውቅም። ነርሷ እንኳ ከመንካቷ በፊት ታስፈርማት ነበር።

«ሰው አልለመደችም እኮ፣ ይባስባታል።»

«ከዚህ የባሰ ምን አለ፣ ልጄ? አምጫት ስልሽ!»

ስንዱ ሰጠቻቸው። በእርግጥም ባሰባት። ብዙነሽ የማታውቀው ፊት ስታይ ትንፋሽ እስኪያጥራት ጮኸች። እማማ ሶሊያና እሹሩሩ አሉ፣ በጉልበታቸው ላይ አነጠሯት፣ ምላሳቸውን አስጮሁ። «ረስቼዋለሁ ማለት ነው» አሉ እያዘኑ። «ያንተ ልጅ ሠላሳ ምናምኑን አለፈ፣ አይደል ናሆም? እንካ፣ አንተ ሞክር።» ከአቶ ናሆም ጋር የተዋወቁት ገና ጣቢያው ላይ ነው።

«ኧረ እኔ...»

«ለእኔ ስጡኝ!» አለ ሁመድ ከኋላ ተነሥቶ። «እኔ አራት ልጆች አሉኝ።»

«አራት?» ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየው። ሁመድ በኩራት ቀና ብሎ መጣና ልጅቷን ተቀበለ፣ ጣሪያው ድረስ አነሳት። ብዙነሽ ከዚያ ከፍታ ላይ ሆና ቁልቁል ሃያ የማታውቃቸውን ፊቶች አየች፤ ያን ጊዜ የጮኸችው ጩኸት የፉርጎውን መስታወት ያንቀጠቀጠ መሰለ። «የእኔዎቹ እንዲህ አይደሉም» አለ ሁመድ አፍሮ፣ ጭብጥ አድርጎ አወረዳትና ቅርቡ ለነበሩት ለአቶ ናሆም አስታቀፋቸው።

አቶ ናሆም ሞልቶ የሚፈስ ዘይት የተሰጣቸው ይመስል ክንዳቸውን ዘርግተው ደረቁ። «ምን ላድርጋት? አንገቷን ነው የሚይዙት? እግሯን ነው?» ማንም ሳይመልስላቸው ብዙነሽ ወደ ፊት ተንጠራርታ የቀኝ እጃቸውን ያዘች፣ የሌባ ጣታቸውን አንጓ ወደ አፏ አስገባች፣ በሁለቱ ጥርሶቿ ነከሰችው።

ዝም አለች።

«ነከሰችኝ» አሉ አቶ ናሆም በሹክሹክታ።

«እንዳትነቃነቅ!» አሉ እማማ ሶሊያና።

«አጥንቴን ነው እኮ!»

«ታዲያስ? አጥንት አይደል የፈለገችው!»

መብራቷ ከቀይ ወደ ቢጫ ዞረች። አቶ ናሆም ላብ በግንባራቸው ይወርዳል፤ ብዙነሽ እንባዋ ጉንጯ ላይ እንዳለ አንጓቸውን ታኝካለች። ፉርጎው ውስጥ የሚሰማው የቅርጫቱ ሽሽታ ብቻ ነው።

«ደም ቢወጣስ?»

«ይውጣ!» አለ ሰዉ በአንድ ድምፅ፤ ከዚያ መብራቷን አይቶ ቶሎ አፉን ያዘ።

አረንጓዴ። ሽሽታው ቆመ። ወይዘሮ ፌቨን ጎንበስ ብለው ቅርጫቱን አዩ። «ተሰርዟል» አሉ፤ ስንዱ መስማቷን ለማረጋገጥ ደገሙላት። ስንዱ መቀመጫው ላይ ዝርግት አለች። ማመስገን ፈልጋ ማንን እንደምታመሰግን ጠፋት።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። አቶ ናሆም ግን ጭንቀት ሲለቃቸው የሚያስነጥሳቸው ሰው ናቸው። እጃቸው ስለተያዘ አፋቸውን መሸፈን አልቻሉም፣ ፊታቸውን ወደ ጎን አዙረው በኃይል አስነጠሱ። ብዙነሽ አንጓቸውን ለቀቀች። በመገረም አየቻቸው። ደገሙ። ልጅቷ ሳቀች፤ ሆዷን ይዞ የሚያንቀጠቅጥ፣ መጨረሻው ጩኸት የሆነ ሳቅ። አቶ ናሆም ሦስተኛውን ሆን ብለው አስነጠሱ፤ ሳቋ የባሰ ከፍ አለ። ሰዉም አብሮ ሳቀ። ስንዱ እንዲህ ስትስቅ ሰምታት አታውቅም፤ በቤታቸው ገና ሳቅ ሲጀምራት «እሽሽ» የምትላት እሷው ናት። አሁን ግን አላለቻትም።

መብራቷ ቀይ ሆነች።

«ኧረ! እየሳቀች እኮ ነው!» አለች አንዷ።

«መሣሪያው ሳቅና ለቅሶ አይለይም» አሉ ወይዘሮ ፌቨን። «ድምፅ ድምፅ ነው።»

ቁልፎቹ ብልጭ ብልጭ አሉ። በዚህ ጊዜ ይሉኝታውን የጣለ ሰው ብትፈልጉ በዚያ ሦስተኛ ፉርጎ ሞልቶ ነበር። እማማ ሶሊያና «ይቆይ» የሚለውን በጡጫ መቱት። ሁመድ የራሱን ተጭኖ ወደ ጎረቤቱ እጁን ሰደደ፣ ጎረቤቱ ቀድሞ ተጭኗል። አቶ ናሆም እጃቸው ሞልቶ ስለነበር በክርናቸው ተጫኑ። ከፉርጎው ፊት በኩል ከአዲስ አበባ ጀምሮ የሚያንኮራፋ አንድ ወፍራም ሰውዬ አለ፤ ሁለት ሴቶች ትከሻውን ይዘው ነቀነቁት።

«ተነሥ! ተጫን!»

«እ? ምኑን?»

«ቁልፉን!»

ሰውየው ዓይኑን ሳይገልጥ «ይተኛ» የሚለውን ተጫነና ተመልሶ ተኛ። ሰዉ ጮኸበት፤ ግን አንድ እሱ ምን ያመጣል? ከጣሪያው ያች ለስላሳ ድምፅ፣ «የፉርጎው ተሳፋሪዎች ስምምነት ተመዝግቧል» ብላ ትንሽ ዝም አለች፣ የሚቀጥለውን ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ብላው አታውቅም መሰለኝ፤ «ሕፃኑ ይቆያል።»

ወይዘሮ ፌቨን ቅርጫቱን ወደ ጓዳቸው መለሱት። ተመልሰው መጡና ከስንዱ መቀመጫ አጠገብ ቆሙ፤ የሚሠሩት ነገር ያለ አይመስልም። የሥራ ፈገግታቸው የለም።

«አሥራ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ስንቱን አስተኝቻለሁ መሰለሽ። ነቅቶ ያለ ግን አንድም አቅፌ አላውቅም።» እመቤት ማለቱንም፣ እርስዎ ማለቱንም ረስተውታል። «ትሰጪኛለሽ? ለአፍታ።»

ስንዱ ልጇን ከአቶ ናሆም ተቀብላ ሰጠቻቸው። ብዙነሽ አሁን አልጮኸችም። የአስተናጋጇን የደንብ ልብስ ቁልፍ ያዘች፣ ቀመሰችው፣ አልወደደችውም። ወይዘሮ ፌቨን አፍንጫቸውን የልጅቷ ፀጉር ውስጥ ቀብረው ቆዩ። ቀና ሲሉ ዓይናቸው ቀልቷል። «ስሟ ማነው?» አሉ። ብዙነሽ መባሏን ሲሰሙ፣ የዛሬ ወላጆች ምን ዓይነት አዲስ አዲስ ስም እንደሚያወጡ ተገረሙ።

ከዚያ በኋላ ልጅቷ ከእጅ ወደ እጅ ስትሄድ ስንዱ በዓይኗ ትከተላት ነበር። ገዋኔ ላይ ከሁመድ ጋር ሆና በመስኮት ግመል አየች፤ እሱም የአራት ልጅ አባትነቱ ተመለሰለት። ሚሌ ላይ የወፍራሙን ሰውዬ ጆሮ ጎተተች፣ ሰውየው ነቅቶ ደነገጠ፣ ከዚያ አልሰጥም ብሎ ያዛት። ስንዱ የራሷ እጆች ባዶ ሆነው ተቀምጣለች። ልጅቷ ነቅታ ሳለች ከቤት ውጭ ባዶ እጇን ተቀምጣ አታውቅም። ትንሽ ቀናች፤ መዋሸት ምን ያደርጋል? ቀጥሎ ግን የሆነ የከበደ ነገር ከትከሻዋ እንደ ወረደ ተሰማት፣ ቦርሳዋን ከፍታ ዳቦዋን በላች፣ ውሃ ጠጣች። እማማ ሶሊያና ያላትን ሁሉ እስክትጨርስ እያዩዋት ነበር። «ብዪ፣ ብዪ» አሉ፣ «ከማለዳ ጀምሮ እኮ አልቀመስሽም። ሳይሽ ነበር።»

«ያዩኝ ነበር?»

«ምን ላድርግ፣ እንዳላስጨንቅሽ ብዬ ነው እንጂ ከገባሽ ጀምሮ እጄ ሲበላኝ ነበር።»

ሰመራ ሲደርሱ በሮቹ ተከፈቱ፣ ሙቀቱ ገባ። ሰዉ ብዙነሽን እየሳመ ወረደ። አቶ ናሆም የተነከሰ ጣታቸውን ለመጨረሻ ጊዜ አሳዩዋት፤ ልጅቷ እንደገና ልትነክሰው ፈለገች።

ታፈሰ መድረኩ ላይ፣ ከጥላው ሥር ቆሟል። ፊቱ ከባለፈው ይበልጥ ጠቁሯል፤ የመስታወት እርሻ ሠራተኞች የሚለብሱትን ብርማ ካባ ደርቧል። ስንዱን እንዳየ በጥፍሩ እየተራመደ መጣ፤ ቅርጫት ውስጥ ያለችውን እንዳይቀሰቅስ ሲጠነቀቅ ለምዶት ነው። ቅርጫት አለመኖሩን ያየው አጠገቧ ከደረሰ በኋላ ነው።

«የት አለች?» አለ በሹክሹክታ፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ጮክ ብለህ ተናገር» አለች ስንዱ። ነጠላዋን ገለጥ አደረገች።

ብዙነሽ ብቅ አለች። መጀመሪያ እጇን የዘረጋችው በአጠገባቸው ለሚያልፍ ሻንጣ ተሸካሚ ነው፤ ዛሬ እጇን የዘረጋችለት ሰው ሁሉ ይወስዳታል ብላ ተምራለች። ሻንጣ ተሸካሚው ደንግጦ አለፈ። ቀጥሎ እጇን ወደ አባቷ ዘረጋች።

ታፈሰ አልተንቀሳቀሰም። «ምን ላድርግ?» አለ። «የነቃች ልጅ ምን ይደረጋል?»

«ተቀበላት።»

ተቀበላት። ልጅቷ ካባውን ነካች፣ ጢሙን ሳበች፣ ጉንጩ ላይ ያለውን የፀሐይ ጠባሳ በጣቷ ፋቀች። ስንዱ ልታስተካክልላቸው እጇን አንሥታ ነበር፤ መለሰችው፣ ወደ ኋላዋ አጣመረችው። ልትነግረው ብዙ ነገር አላት። ስለ መብራቷ፣ ስለ አቶ ናሆም ጣት፣ ስለዚያ ሳቅ። «ታፌ፣ ባቡሩ ላይ ምን እንደሆነ...» ብላ ጀመረች።

«ቆይ፣ ስንዱ» አለ ታፈሰ። በቤታቸው ግድግዳ ላይ፣ በስክሪኑ፣ ለወራት ሲያወራት ልጅቷ የምታየው የስክሪኑን ብርሃን ነበር፤ ዓይኗ አንድ ቀን እንኳ የሱ ዓይን ላይ አርፎ አያውቅም። አሁን ፊቷን ከፊቱ አንድ ስንዝር አርቃ፣ ቅንድቧን ሰብስባ፣ ይህ ደግሞ ማነው የምትል መስላ አተኩራ ትመለከተዋለች።

«ቆይ፣ አሁን አትናገሪ» አለ፤ «እያየችኝ እኮ ነው።»